ኮርስ ወይስ ዕቃ፦ ከጅማ ተነሥቶ ስኩባ ለሚጀምር ሰው የወጪ ቅደም ተከተል

የባሕር ጠለቃ ለመማር የቆረጠ የጅማ ሰው መጀመሪያ የሚያስጨንቀው ያጠራቀመውን ገንዘብ ለኮርስ ያውለው ወይስ ዕቃ ይግዛበት የሚለው ነው። ባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው ያለ ጊዜው የገዛውን ዕቃ በሚቀጥለው ሳምንት ይለውጠዋል፤ እኛ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከአዲስ አበባ እንኳ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን የምንኖር በመሆናችን የተሳሳተ ግዢ ዓመቱን ሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ይከርማል። ይህ ንጽጽር በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ግብፅ ወርዶ ለመጥለቅ ለሚያስብ ሰው የተዘጋጀ ነው።

ከኮርሱም ከዕቃውም የሚቀድም ወጪ አለ፤ እርሱም ዋና መማር ነው። ኦፕን ዎተር የሚባለው የመጀመሪያው የስኩባ ኮርስ ተማሪ ያለ መሣሪያ 200 ሜትር፣ ወይም በማስክ (የጠላቂ መነጽር)፣ በስኖርክልና (የመተንፈሻ ቱቦ) በፊን (የእግር መቅዘፊያ) 300 ሜትር መዋኘት፣ ከዚያም ለ10 ደቂቃ ምንም ሳይደገፍ ውኃ ላይ መንሳፈፍ ይጠበቅበታል። ይህን ጅማ ውስጥ በሆቴል ገንዳ በብር እየከፈሉ መልመድ ሲቻል፣ ባሕር ዳርቻ ደርሶ በዶላር መማር ትልቅ ብክነት ነው። ልምምዱን ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ ለመውሰድ የሚያስቡ ወጣቶች ገጥመውኛል፤ ውኃው በደለል የደፈረሰ ከመሆኑም በላይ ጉማሬ ያለበት ስለሆነ ይህን ከልቤ እቃወማለሁ። የጤና መጠይቁንም እዚሁ መጨረስ ይገባል። አስም፣ የጆሮ ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው የሐኪም ፊርማ ሳይዝ ከሄደ አሠልጣኙ ውኃ ውስጥ አያስገባውም።

አሁን ወደ ዋናው ንጽጽር እንግባ። ቀይ ባሕር ዳር የኦፕን ዎተር ኮርስ በግምት ከ300 እስከ 500 ዶላር ያስወጣል፤ ብዙውን ጊዜ የዕቃ ኪራይ በዚሁ ውስጥ ይካተታል። ሬጉሌተር የሚባለው ከሲሊንደር አየር የሚተነፈስበት መሣሪያ፣ ቢሲዲ የሚባለው የመንሳፈፊያ ጃኬት፣ በእጅ የሚታሰር የጠለቃ ኮምፒውተር፣ የመጥለቂያ ልብስ፣ ማስክና ፊን አንድ ላይ ቢገዙ ግን 1,200 ዶላር በቀላሉ ያልፋሉ። ሙሉ ዕቃ በቀን ከ20 እስከ 30 ዶላር ስለሚከራይ፣ በዓመት ስድስት ቀን የሚጠልቅ ሰው ለኪራይ የሚያወጣው 150 ዶላር አካባቢ ነው። በዚህ ስሌት ዕቃው ዋጋውን የሚመልሰው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው፤ ሬጉሌተር በየዓመቱ ተፈትቶ መታደስ እንዳለበት ሲታሰብ ደግሞ ጊዜው ከዚህም ይረዝማል። ስለዚህ ለእኛ ኮርሱ ይቀድማል። የንድፈ ሐሳቡን ክፍል በእንግሊዝኛ ወይም በዓረብኛ ቤት ሆኖ በኢንተርኔት መጨረስ ስለሚቻል፣ ባሕር ዳርቻ የሚቆዩበትን የሆቴል ቀንም ይቀንሳል።

ከኮርሱ በፊት መገዛት ያለበት አንድ ዕቃ ቢኖር ማስክ ነው፤ ምክንያቱም ማስክ የሚመረጠው በዋጋው ሳይሆን በፊት ቅርፅ ነው። ማሰሪያውን ወደ ኋላ መልሶ ማስኩን ፊት ላይ ማስደገፍ፣ በአፍንጫ በቀስታ አየር መሳብና እጅን መልቀቅ ነው፤ ሳይወድቅ ከቆየ ለፊቱ ይስማማዋል ማለት ነው። እኔ የመጀመሪያ ማስኬን ከዓረብ አገር በሚመለስ ዘመድ አስመጥቼ፣ ሳልሞክረው ይዤው ሄድኩ። በኮርሱ አራቱም የባሕር ጥልቆቼ ላይ (አንድ ጊዜ ወርዶ መውጣት አንድ ጥልቅ ይባላል) ውኃ ስላስገባብኝ፣ አሠልጣኜ ሚዛን መጠበቅን ሲያሳየኝ እኔ ማስክ በማጽዳት ተጠምጄ ነበር። ያ ያመለጠኝ ትምህርት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የዓይን መነጽር የሚያደርግ ሰው በዓይኑ ቁጥር የተሠራ መስታወት የሚቀበል ማስክ ቢመርጥ፣ ከማንኛውም ሌላ ግዢ የበለጠ ጥቅም ያገኝበታል።

ቀጥሎ የሚነሣው ኮምፒውተር ወይስ ሬጉሌተር የሚለው ነው። የተከራየ ሬጉሌተር በአብዛኛው የጠለቃ ማዕከል በየጊዜው የሚታደስ ስለሆነ ከራስ ዕቃ ብዙም አያንስም። ኮምፒውተሩ ግን በሰውነታችን ውስጥ የተጠራቀመውን ናይትሮጂን ከጥልቅ ወደ ጥልቅ እየተከታተለ የሚያሰላ ነውና፣ ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን መከራየት ስሌቱን ያቋርጠዋል። ቀላል ዓይነቱ ከ200 እስከ 300 ዶላር ይገኛል፣ ቦርሳ ውስጥም ቦታ አይፈጅም። በእኔ ግምት ከማስክ ቀጥሎ መገዛት ያለበት ይህ ነው።

ለኮምፒውተሩ ይህን ያህል ቦታ የሰጠሁት በምንኖርበት ከፍታ ምክንያት ነው። ከጥልቅ በኋላ በአውሮፕላን ለመብረር አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም በተከታታይ ቀናት ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲጠብቅ ይመከራል። ምክሩ የሚመለከተው ከ600 ሜትር እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ካለው ከፍታ ጋር የሚስተካከልን የአየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ያልፋል፣ ድሬዳዋም ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ «እኔ የምመለሰው በባቡር ነው፣ አልበርም» ብሎ ከጅቡቲ በጠለቀበት ቀን የሚነሣ ሰው፣ ሳያውቀው የአውሮፕላን ተሳፋሪው የሚደርስበት ከፍታ ላይ ይወጣል፤ በደሙ ውስጥ የቀረው ናይትሮጂንም አረፋ ሊሠራ ይችላል። ለመጨረሻዋ የዕረፍት ቀንና ሌሊት የሚወጣው የሆቴል ገንዘብ ከፊን፣ ከቢሲዲና ከካሜራ ሁሉ በፊት መመደብ አለበት። ከጠለቃ ኢንሹራንስ ጋር በአንድ ረድፍ የማስቀምጠው ወጪ ነው።

ከኦፕን ዎተር በኋላ አድቫንስድ ይሻላል ወይስ ናይትሮክስ? አድቫንስድ በአምስት ጥልቆች የሚሰጥ ሆኖ፣ ወደ ጥልቀት መውረድንና በኮምፓስ አቅጣጫ መያዝን ያስተምራል፤ የተፈቀደውንም ጥልቀት ከ18 ወደ 30 ሜትር ያሳድገዋል። በ1941 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በግብፅ ባሕር የሰመጠችውና ብዙዎች ሊያዩዋት የሚጓዙላት ቲስልጎርም የተባለችው መርከብ የተቀመጠችው 30 ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ እርሷን የሚያስብ ሰው ይህ ኮርስ ያስፈልገዋል። ናይትሮክስ ደግሞ የኦክስጅኑ መጠን ከፍ ያለ፣ አብዛኛውን ጊዜ 32 በመቶ የሆነ አየር መጠቀምን የሚያስተምር አጭር ኮርስ ነው፤ ናይትሮጂኑ ስለሚያንስ ውኃ ውስጥ የሚፈቀደውን ጊዜ ያረዝማል።

ይሁን እንጂ ጀማሪን ከውኃ የሚያስወጣው የናይትሮጂን ገደብ ሳይሆን የሲሊንደሩ ማለቅ ነው። በ200 ባር (የግፊት መለኪያ) የተሞላ የ12 ሊትር ሲሊንደር 2,400 ሊትር አየር ይይዛል፤ 50 ባር ለመጠባበቂያ ሲቀር የሚሠራበት 1,800 ሊትር ነው። ጀማሪ በደቂቃ ከ20 እስከ 25 ሊትር ቢተነፍስ፣ በ18 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ 2.8 ጊዜ ስለሚያድግ ፍጆታው ከ56 እስከ 70 ሊትር ይደርሳል። ይህም ከ25 እስከ 32 ደቂቃ ብቻ ያቆየዋል። ፓዲ በተባለው የጠለቃ ሥልጠና ድርጅት በተለመደው ሠንጠረዥ ግን በ18 ሜትር በተራ አየር የሚፈቀደው 56 ደቂቃ ነው። ግማሹን ያህል ብቻ ተጠቅሞ ለሚወጣ ሰው ጊዜ የሚያረዝም ኮርስ መግዛት ምን ይረባዋል? ያንኑ ገንዘብ ለሁለት ተጨማሪ ጥልቆች ቢያውለው፣ አተነፋፈሱ ሲረጋጋና ሚዛኑን ሲይዝ አየሩ በራሱ ጊዜ ይበረክታል። አድቫንስዱን በሁለተኛው ጉዞ መውሰድ ይበጃል እላለሁ፤ በዓመት አንዴ የሚጠልቅ ሰው የረሳውን በአሠልጣኝ ፊት ስለሚያድስ ለክለሳ ብቻ ከመክፈል ይድናል።

ልብስ የሚወሰነው እንደሚጓዙበት የዓመቱ ወቅት ነው። የሰሜን ቀይ ባሕር ውኃ በቅዝቃዜው ወራት ወደ 21 ዲግሪ ሲወርድ 5 ሚሊ ሜትር ልብስ ይፈልጋል፤ በሙቀቱ ወራት ግን 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። አንዱን ገዝቶ ለሁለቱም ማዋል ስለማይቻል መከራየት ይመረጣል። ቢሲዲም ሰው የሚመቸውን ዓይነት በኪራይ ሳይለይ መገዛት የለበትም፤ ከእርሱ በፊት የሰውን ጭንቀት ከሩቅ ለይቶ መርዳትን የሚያስተምረውን የሬስኪው ኮርስ አስቀድማለሁ። ሲሊንደርና የክብደት እርሳስ ግን ፈጽሞ አይገዙም፤ በየማዕከሉ ይገኛሉ፣ ጅማም አየር የሚሞላላቸው የለም።

የጉዞውን ወር በተመለከተ፣ በጅቡቲ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ የዓሣ ነባሪ ሻርክ የሚታየው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ገደማ ነው፤ ይህም የእኛ ቡና ከሚለቀምበትና ከሚደርቅበት ወቅት ጋር ይጋጫል። ገቢው ከቡና የሆነ ሰው ሽያጩን ጨርሶ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ በግብፅ ወደሚገኙት ዳሃብ ወይም ሁርጋዳ ቢሄድ ኮርሱን ሳይቸኩል ይማራል፤ ጅቡቲን ደግሞ ማስኩንና ኮምፒውተሩን ይዞ፣ ለቀማውን የሚከታተልለት ሰው ባገኘ ዓመት ይደርስባታል።