ካርማን ጊያ ወይስ ፊያት 124 ስፖርት? ጅማ ላይ አሮጌ የስፖርት መኪና ገዝቶ ማደስ ለሚያስብ ሰው የቀረበ ንጽጽር

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ክላሲክ የስፖርት መኪና አድሶ መንዳት የሚሻ ሰው ምርጫው ቀደም ብለው ገብተው በየግቢው በቆሙት ላይ ተወስኗል። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ጎን ለጎን አቀርባለሁ፤ አንደኛው ቮልስዋገን ካርማን ጊያ፣ ሁለተኛው ፊያት 124 ስፖርት ነው። የሁለቱም መልክ የተነደፈው ቱሪን ከተማ ውስጥ ስለሆነ ዓይን የሚስብ ነገር አያጡም። በእድሳት ጊዜ ግን ድካማቸው የሚያርፍበት ቦታ ፈጽሞ የተለያየ ነው፤ ካርማን ጊያ የሚያስቸግረው ላሜራው ላይ ሲሆን ፊያቱ ሞተሩ ላይ ነው። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚርቀውና ዝናቡ ከዓመቱ ከገሚስ በላይ ለማይለቀው የጅማ ነዋሪ፣ ይህ ልዩነት ከመልክም ከፍጥነትም በፊት መታየት አለበት ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1974 የተመረተው ካርማን ጊያ ከላይ ሲያዩት የስፖርት መኪና ቢሆንም ከሥሩ ቮልስ ነው። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ የፊት እግሩ፣ መሪውና ፍሬኑ በመሠረቱ ከቮልስ የተወሰዱ ናቸው። በእርግጥ «ስፖርት» የሚለው ስም ትንሽ ይበዛበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የመጣው የ1600 ሞተር እንኳ ጉልበቱ 50 ፈረስ ብቻ ነው። ለሚያድስ ሰው ግን ይህ ድህነቱ በረከት ነው። ቮልስ ፈትቶ የገጠመ መካኒክ በጅማ ጋራዦች ፈልጎ ማግኘት አያዳግትም፤ ሞተሩም ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ስለሆነ፣ ሥራውን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች በክሪክ ታግዘው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያወርዱታል። ፑንቲና፣ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ዕቃ፣ ፒስቶንና ሲሊንደር የቮልሱን ገዝቶ መግጠም ይቻላል።

ራዲያተርም ውሃም የሌለው መሆኑ ብዙ ገዢዎችን ያዘናጋል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ዲናሞውን በሚያዞረው ቺንጋ የሚሽከረከር ማራገቢያ ነው፤ ስለዚህ ቺንጋው ሲበጠስ የዲናሞው ቀይ መብራት ይበራል፣ መኪናውም እዚያው መቆም አለበት። ከዚህ ይልቅ ተደጋግሞ የሚታየው ጥፋት ሌላ ነው። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ቀጫጭን ላሜራዎችና የጠርዙ ጓርኒሲዮን ላስቲክ የጋለው አየር ተመልሶ በማራገቢያው እንዳይሳብ የሚከለክሉ ናቸው። ሞተሩ ሲታደስ ግን «ጌጥ ነው» እየተባሉ ይጣላሉ፤ በአዲስ ፒስቶን የተነሣው ሞተርም ረጅም ዳገት ላይ ግሞ ይነክሳል። ኮፈኑን ከፍቶ እነዚህ ክፍሎች በቦታቸው መኖራቸውን ማየት ለገዢው ምንም ወጪ የለውም። በዚያው ዓይን የቤንዚን ጎማዎቹንም ይመልከት፤ የደረቀና የተሰነጠቀ ጎማ የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ሲያንጠባጥብ መኪናውን እስከ ማቃጠል ይደርሳል።

ወደ ላሜራው ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። የቮልስ ፓራፋንጎ ቢጎዳ ብሎኑን ፈትቶ ሌላ መግጠም ነው። የካርማን ጊያ የፊት አካል ግን ኦስናብሩክ በሚገኘው የካርማን ፋብሪካ ከብዙ ቁራጭ ላሜራ ተበይዶ፣ መጋጠሚያው በእርሳስና በቆርቆሮ ቅይጥ ተሞልቶ፣ በእጅ ተሞርዶ የተስተካከለ ነው። የሚፈታ ፓራፋንጎ የለውም። አፍንጫው አንድ ጊዜ ከተጋጨ ወይም የመብራቶቹ ጓዳ ከዛገ ሥራው ቆርጦ መበየድና በመዶሻ ክብ ቅርጹን መመለስ ነው፤ ይህን በሥርዓቱ የሚሠራ ባቲላሜራ ደግሞ ጥቂት ነው። ስለሆነም ብዙዎቹ የተጋጩ መኪኖች በስቱኮ ተለስነው ቀለም ተቀብተዋል።

መኪናውን ለማየት የሚሄድ ሰው ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ ቢይዝ ሻጩ ስለ አፍንጫው የሚነግረውን ሁሉ ራሱ ማረጋገጥ ይችላል። ማግኔቱን ከፊት መብራቱ ሥር ጀምሮ ወደ አፍንጫው ጫፍ ቀስ እያለ ይጎትተው፤ ብረቱ ጤነኛ በሆነበት ቦታ ጨርቁ ይያዛል፣ ስቱኮ በወፈረበት ይንሸራተታል። በመጋጠሚያዎቹ መሥመር ላይ በቀጭኑ ቢለቅ የፋብሪካው ቅይጥ ሊሆን ስለሚችል አያስደነግጥም፤ መዳፍ በሚያህል ስፋት ከለቀቀ ግን ከቀለሙ በታች ያለው ስቱኮ ነው። ከዚያ ምንጣፉን ገልጦ ወለሉን፣ በተለይ በበሮቹ ሥር ያሉትን ጠርዞች፣ በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ያድርግ፤ የሚደፍን ድምፅ የሰጠ ወይም የረገበ ቦታ መቆረጡ አይቀርም። የቮልስ ወለል እንዳለ ይገጥማል ቢሉት አይመን፤ የካርማን ጊያው ወለል በጎን ስለሚሰፋ ያለ ቅጥያ አይሆንም። መስታወቱ፣ በሮቹና የበር ላስቲኮቹም ከቮልስ ጋር አይገናኙም። ከዕቃዎቹ ሁሉ ተፈልገው የሚታጡት እነዚህ ስለሆኑ፣ አንድ መስታወት የጎደለበትን መኪና ከሞተር አልባው የባሰ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ፊያት 124 ሌላ ዓይነት መኪና ነው። ሰዳኑ እ.ኤ.አ. በ1966 ወጥቶ የ1967ን የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ሽልማት ወሰደ፤ ፒኒንፋሪና የነደፈው ክፍቱ ስፓይደር በ1966 መጨረሻ ቱሪን ላይ ታየ፣ ጣሪያው ብረት የሆነው ኩፔ ደግሞ በ1967 ተከተለ። ሞተሩን የሠራው ቀደም ሲል ለፌራሪ ሞተሮችን ይነድፍ የነበረው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። ባለ 1438 ሲሲው የመጀመሪያ ሞተር 90 የፈረስ ጉልበት አለው፤ በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክዳን) ላይ ባልቦላዎቹን የሚከፍቱ ሁለት ካምሻፍት ተቀምጠው በጥርሳም የጎማ ቺንጋ ይዞራሉ፤ አራቱም እግር ባለ ዲስክ ፍሬን ነው። የስፖርት መኪና መንዳት ማለት ምን እንደሆነ የሚያሳየው ከሁለቱ ይህኛው ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ዋጋውን የሚያስከፍለውም ያው ሞተር ነው። የጎማ ቺንጋ መኪናው ቆሞም ያረጃል፤ ሲበጠስ ወይም ጥርስ ሲዘል ባልቦላዎቹ ከፒስቶን ወይም እርስ በርሳቸው ሊጋጩ ይችላሉ። ስለዚህ ለዓመታት የቆመ ፊያት ሲታይ ሻጩ «ቁልፍ ላዙርና ድምፁን ስማው» ቢል እሺ ማለት አይገባም። አስቀድሞ ካንዴላዎቹ ወጥተው፣ ሞተሩ ከፊት ባለው የኮሎ (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ብሎን ላይ በቁልፍ በእጅ ቀስ ተብሎ ይዙር፤ ጠጠር ያለ ነገር የነካው ከመሰለ እዚያው ይቁም። ከግዢ በኋላም የመጀመሪያው ሥራ አዲስ ቺንጋና መወጠሪያውን መቀየር ነው። የባልቦላው ክፍተት የሚስተካከለውም ውፍረታቸው በተለካ ክብ የብረት ገጾች በመሆኑ፣ ስምንቱን ባልቦላ አስቀድሞ ለክቶ የሚያስፈልጉትን ገጾች በአንድ ጊዜ ማዘዝ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ስለ አንዲት ገጽ ተብሎ አዲስ አበባ መላክ ይመጣል። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ አንድ ጊዜ ክፉኛ ከጋለ ይጣመማል፤ ገጹ በቶርኖ ቤት ሳይስተካከል አዲስ ጓርኒሲዮን ቢገባበት ውሃውን መልሶ ያፈስሳል።

በዚህ መኪና ገበያ ላይ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ማባበያ አለ፤ «የላዳ ዕቃ ይገጥምለታል» የሚል ነው። ላዳ ከፊያት 124 ሰዳን መወለዱ እውነት ነው። ይሁንና ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1970 ማምረት ሲጀምሩ ሞተሩን በሌላ፣ ካምሻፍቱ በሰንሰለት በሚዞር ሞተር ተክተውታል፤ የኋላውን ዲስክ ፍሬንም በታንቡር ለውጠውታል። የቸርኬ ብሎኖቹ አቀማመጥ አንድ ስለሆነ የላዳ ቸርኬ ይገባለታል፤ ገዢውን በሚያስጨንቀው በሞተሩ በኩል ግን ላዳ አይደርስለትም። ለዚያ የሚጠቅመው ዘመዱ ፊያት 132 ነው፤ ሞተሩ ከዚያው የላምፕሬዲ ቤተሰብ ነውና።

የፊያቱ ዝገት ከካርማን ጊያው ይልቅ ለመሥራት የሚቀል፣ ችላ ከተባለ ደግሞ የሚከፋ ነው። የተለየ ሻንሲ ስለሌለው ክብደቱን የሚሸከሙት ከበሮቹ ሥር ያሉት ሳጥን መሰል ብረቶች ናቸው። ስፓይደር የሚገዛ ሰው በሮቹን ዘግቶ፣ መኪናውን ከኋላ በክሪክ ጥቂት አንሥቶ በበሩና በአካሉ መካከል ያለውን ክፍተት ይመልከት፤ ክፍተቱ ከላይ ከጠበበ ወይም በሩ አልከፈት ካለ ብረቱ ተበልቷል። እነዚህ ብረቶች ግን ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ደህና ባቲላሜራ አጥፎ ይሠራቸዋል፤ ከመቁረጡ በፊት በበሩ ክፍት ቦታ ላይ ብረት በጊዜያዊነት መበየድ እንዳለበት ማሳሰብ ብቻ ያስፈልጋል። የኮፈኑን ሥር የሾክ ማረፊያዎችና ከኋላ የትርፍ ጎማውን ጉድጓድም ማየት ይገባል።

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ሁለቱም ሞተሮች ከተጻፈላቸው ጉልበት ስድስተኛውን ያህል ያጣሉ። ከ90 ፈረስ ላይ የጎደለው ብዙም አይታወቅም፤ ከ50 ላይ የጎደለውን ግን ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ከጊቤ ሸለቆ መውጫው ዳገት ላይ ከኋላ የሚመጣው አይሱዙ ያስታውሳል። ካንዴላው በጥቀርሻ ከጠቆረ ችግሩ ሞተሩ ሳይሆን ከፍታው ሊሆን ስለሚችል፣ በካርቡሬተሩ ያለውን የቤንዚን ቀዳዳ በጠበበ መለወጥ ከብዙ ፍለጋ ያድናል።

ከሁሉ በላይ ግን ዝናቡ አለ። ብየዳው በክረምት ከጣሪያ ሥር ሊሠራ ይችላል፤ የተፋቀ ላሜራ ግን ያለ አንቲረስት አንድ ሌሊት ካደረ ጠዋት ብርቱካናማ ሆኖ ይገኛል። በእርጥብ አየር የተረጨ የናይትሮ ቀለምም ነጭ ጉም ለብሶ ይደርቃል፤ ይህን ያየ ሰው የከፈለው ገንዘብ እንደገና ሲፋቅ ያያል። ስለዚህ ቀለሙ ቡና በየግቢው እስከሚሰጣበት የበጋ ወራት ቢቆይ ይሻላል። የስፓይደሩን የጨርቅ ጣሪያ ጥሩ ታፔሴሪያ ይሰፋዋል፤ በዚህ ከተማ መጠለያ ለሌለው ሰው ግን ኩፔው ሳይወዳደር ይሻላል።

ገዢው የራሱንም ትዕግሥት ይገምግም። ካርማን ጊያ ትንንሽ ደስታዎቹን ቀድሞ ይሰጣል፤ ሞተሩ በጊዜ ይነሣል፣ አንድ የዛገ የመሬት ሽቦ ሲጸዳ የሞቱት መብራቶች በአንድነት ይበራሉ፣ ፍሬኑ ይይዛል፤ ከዚያ ለብዙ ወራት የሚታይ ለውጥ የሌለበት የላሜራ ሥራ ይከተላል። በፊያቱ መጀመሪያ ላይ መለካትና መጠበቅ ብቻ ነው፤ ሞተሩ የሚነሣበት ቀን ሲመጣ ግን አብዛኛው ነገር አብሮ ያልቃል። ግማሽ ላይ ቀርተው የሚሸጡትም በዚሁ ይለያሉ፤ ካርማን ጊያው ሞተሩ እየሠራ አፍንጫው ተቆርጦ ይቀርባል፣ ፊያቱ ቀለሙ እያብረቀረቀ ሞተሩ በካርቶን ተበታትኖ ይቀርባል። ከሁለቱ የምፈራው የካርቶኑን ነው፤ የጎደለውን ማወቅ የሚቻለው ሲገጣጠም ብቻ ነውና።

የእኔ ምርጫ አፍንጫው የማግኔቱን ፈተና ያለፈ፣ መስታወቶቹ የተሟሉለት የካርማን ጊያ ኩፔ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1967 ወዲህ የተሠራ ከሆነ የፊቱ ዲስክ ፍሬንና ባለ 12 ቮልት መብራቱ ተጨማሪ ናቸው። አፍንጫው ካላለፈ፣ ሞተሩ ያልተበታተነ ፊያት ኩፔ ይበልጠዋል፤ ለዚህ ግን ገዢው ሞተሩን በመለኪያ የሚሠራ መካኒክ አስቀድሞ ያግኝ።

ቀብድ ከመስጠት በፊት ሊብሬው ይታይ። በካርማን ጊያ ላይ የቮልስ ሞተር መቀየር ቀላል ስለነበር የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ሳይጣጣም የቀረ ብዙ ነው፤ የሻንሲው ቁጥር የኋላ ወንበሩ ሲነሣ በወለሉ መካከል ካለው ጉብታ ላይ ተመትቶ ይገኛል። ቁጥሮቹ ካልገጠሙ የማስተካከሉ ግዴታ የሻጩ እንደሆነ በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ቀሪው ክፍያም ስሙ እስኪዛወር ይቆይ።