በኩንሚንግ አንዲት የሩዝ ኑድል ቤት፦ የጠዋቱ ሳህንና ያልሞቀው መረቅ

በደቡብ ምዕራብ ቻይና የዩናን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በሆነችው በኩንሚንግ ለሥልጠና በቆየሁባቸው ሦስት ሳምንታት፣ ከማደሪያችን አጠገብ ባለች አንዲት አነስተኛ የሩዝ ኑድል ቤት አምስት ጊዜ በልቻለሁ። አራቱን ጊዜ ደስ ብሎኝ ወጥቻለሁ፤ አንዱን ጊዜ ግን ቅር ብሎኝ ተነሥቻለሁ። ወደዚያ ከተማ የሚሄድ ወገን ይጠቀምበት ዘንድ ሁለቱንም እንደ ሆነው እጽፋለሁ።

ቤቷን የመረጥናት በበሯ ላይ በዐረብኛና በቻይንኛ በተጻፈው አረንጓዴ ምልክት ምክንያት ነው። ቻይናውያን «ቺንግጀን» የሚሉት ይህ ምልክት ምግቡ በእስልምና ሥርዓት መዘጋጀቱን ያመለክታል። ዩናን ውስጥ የብዙው ኑድል ቤት መረቅ ከአሳማ አጥንት የሚወጣ በመሆኑ፣ ሥጋው ባይታይም አሳማ የማይበላ ሰው ሳያውቅ ሊጠጣው ይችላል፤ ስለዚህ ከመቀመጥ በፊት በሩን ማየት ይገባል። እንዲህ ያሉ ቤቶች በኩንሚንግ ብዙ ናቸው። በሞንጎሎች ዘመን፣ ከ1274 እስከ 1279 ድረስ፣ ዩናንን ያስተዳደረው የቡኻራው ተወላጅ ሰይድ አጀል ሸምሰዲን ዑመር ነበር፤ የክፍለ ሀገሩ ሙስሊሞች ታሪክም ከእርሱ ዘመን ጋር ተያይዞ ይነገራል። የበሬ ሥጋ ኑድላቸውም ለከተማው እንግዳ ምግብ ሳይሆን የራሱ የዕለት ቁርስ ነው።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ጠረጴዛዎቿ ከዐሥር አይበልጡም፤ ከማያውቁት ሰው ጋር ተጋርቶ መቀመጥም የተለመደ ነው። እንግዳው መጀመሪያ ሂሳብ መቀበያው ጋ ቆሞ ትንሽ ወይም ትልቅ ሳህን ይመርጣል፣ ከላይ የሚደረገውን ይናገራል፣ በስልክ ይከፍላል፣ ከዚያም በመስኮት በኩል ሳህኑን ራሱ ይቀበላል። እኛ በጥሬ ገንዘብ ስንከፍል ያለ ማንገራገር ተቀብለውናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በዩናን «ሚሺየን» የሚባለው የሩዝ ኑድል ነጭ፣ ድቡልቡልና ረጅም ሲሆን በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ሩዙ ሳይቦካ ተፈጭቶ የሚሠራ ነው፤ ሁለተኛውና በዚህች ቤት የሚቀርበው ግን ሩዙ ለቀናት ተዘፍዝፎ ከቦካ በኋላ ተፈጭቶ፣ ውኃው ተጠንፍፎ፣ ሊጡ በእንፋሎት ገረፍ ተደርጎ፣ በወንፊት መሰል ቀዳዳዎች ወደሚፈላ ውኃ እየተገፋ የሚወጣ ነው። የመጀመሪያውን ጉርሻ ስጎርስ አፌ ውስጥ የቀረው ለስለስ ያለ ኮምጣጣነት ከየት እንደማውቀው ወዲያው ተረዳሁ፤ በደንብ የቦካ የእንጀራ ሊጥ ሽታ ነው። ሊጡ ገና ወደ ኑድልነት ሳይለወጥ ገረፍ መደረጉን ሳስብ እናቴ ለአብሲት ከሊጡ ቀንሳ የምታበስላት ትዝ አለችኝ፤ ሥራው አንድ ባይሆንም፣ ከፊሉን በእሳት ያየ ሊጥ እርስ በርሱ እንደሚያያዝ ሁለቱም ሕዝቦች በእጃቸው ያወቁት ነገር ነው። በዚህ ምክንያት ይህን ኑድል የመዘንኩት እንጀራን በምንመዝንበት ሚዛን ነው፦ ኮምጣጣነቱ ልክ ነውን? ሳይበጣጠስ ይለሰልሳልን? መረቁንስ ይጠጣልን? ቤቷ ሦስቱንም ታሟላለች፤ ነገር ግን ጠዋት ብቻ። ኑድሉ ሌሊት ተሠርቶ ማለዳ ትኩሱን ይመጣላቸዋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስሄድ ያገኘሁት ከቆይታ ብዛት የተፈረካከሰ ነበር፤ በማንኪያ እንጂ በመብያ እንጨት አልነሣ ብሎኛል።

የበሬ ሥጋው መረቅ ጥርት ያለ የአጥንት መረቅ ነው፤ የእኛን ቅቅል ያስታውሳል፤ ነገር ግን ኮከብ አኒስና ዝንጅብል ስላለበት ጠረኑ ይለያል፤ ለእኔ ጨው በዝቶበታል። ሥጋው በቁመቱ ስስ ሆኖ የተቆረጠ፣ ጅማቱ እስኪለሰልስ የተቀቀለ ነው። ከመስኮቱ አጠገብ የተደረደሩትን ማጣፈጫዎች እንግዳው እንደ ፍላጎቱ ይጨምራል፦ በዘይት የተለወሰ በርበሬ፣ የኮመጠጠ የሰናፍጭ ጎመን፣ የድንብላል ቅጠል፣ ምላስ የሚያደነዝዘው የሲቹዋን ቁንዶ በርበሬ፣ እንዲሁም ትኩስ የናና ቅጠል። ናና ከበሬ ሥጋ መረቅ ጋር ይሄዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ በጨዋማው መረቅ ላይ እፍኝ ሲጨመርበት ግን ሳህኑ ሌላ ምግብ ይሆናል። በርበሬያቸው ከሚጥሚጣችን የቀለለ ስለሆነ የሐበሻ ምላስ ሊፈራው አይገባም።

አብሮኝ የሠለጠነው ባልደረባዬ ኦርቶዶክስ በመሆኑ በዚህች ቤት ሥጋ አልነካም፤ ሁልጊዜ የሚያዝዘው ቀዝቃዛውን ኑድል ነበር። ይህ ያለ መረቅ በኮምጣጤ፣ በአኩሪ አተር ማባያ፣ በነጭ ሽንኩርትና በበርበሬ ዘይት ተለውሶ የሚቀርብ ነው፤ «ቡ ያው ሮው»፣ ማለትም ሥጋ አልፈልግም፣ ሲባል ለጾመኛ ጥሩ ምግብ ይወጣዋል። አንድ ረቡዕ በስሕተት የተፈጨ ሥጋ ከላዩ አድርገው ሰጡት። ሥጋውን ጠርገው አልመለሱለትም፤ ሙሉውን ሳህን አንሥተው አዲስ ሠሩለት፣ ይቅርታም ጠየቁት። የበርበሬው ዘይት ከምን እንደሆነ ሲጠይቅም ወጥ ቤቷ ጠርሙሱን አምጥታ አሳየችው፤ የጎመን ዘር ዘይት ነበር።

ቅር ያሰኘኝ «ድልድይ የተሻገረው ኑድል» የሚባለው የዩናን ዝነኛ ምግብ ነው። መንግዚ በተባለች የደቡብ ዩናን ከተማ በሐይቅ መካከል ባለች ደሴት ላይ ለፈተና ያጠና ለነበረ ሰው ሚስቱ በድልድይ ተሻግራ ምግብ ስታደርስለት ይቀዘቅዝባት እንደነበር፣ በኋላም የዶሮ መረቅ ስቡ ከላይ ሲሰፍፍበት ሙቀቱን እንደሚይዝ አስተውላ መረቁንና ኑድሉን ለየብቻ መውሰድ እንደ ጀመረች ይተረካል። ዛሬም መረቁ ለብቻው፣ እንደ ወረቀት የሳሳው ጥሬ ሥጋ፣ የድርጭት እንቁላሉና ቅጠላ ቅጠሉ በየሳህኑ ይመጣሉ፤ መጀመሪያ እንቁላሉና ሥጋው፣ ቀጥሎ ቅጠሉ፣ በመጨረሻም ኑድሉ ይገባል። እንግዲህ ኩንሚንግ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ እዚያ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ መረቁ ከመነሻው የሙቀት ትርፍ የለውምና በላዩ የሚሰፍፈው ስብ ወፍራም፣ አቅራቢውም ፈጣን መሆን አለበት። ለእኔ መረቁ ከመጣ በኋላ ሳህኖቹ እስኪደርሱ ብዙ ቆዩ፤ ስቡም ስስ ነበር። የከተትኩት የዶሮ ሥጋ መካከሉ ሳይነጣ ቀረ። ጥሬ ዶሮ የሚታለፍ ጉዳይ ስላልሆነ መለስኩት፤ መረቁን እንደገና አፍልተው፣ ሥጋውንም ቀይረው አመጡልኝ። መልካም ነው፤ ሆኖም የምግቡ ጥበብ በሙሉ ያለው በዚያ ሙቀት ውስጥ ስለሆነ፣ ይህን ለመቅመስ የሚሻ ሰው በዚሁ ምግብ ብቻ ወደሚተዳደር ቤት ቢሄድ ይሻለዋል።

የበሬ ሥጋው ኑድል ትንሹ 15፣ ትልቁ 18 ዩዋን ነው፤ ትንሹ ለአንድ ሰው ይበቃል። ቀዝቃዛው 12፣ ድልድይ የተሻገረው ደግሞ 38 ዩዋን ነበር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት የደረሰ ሰው መቀመጫም፣ ትኩስ ኑድልም፣ ያልጠወለገ ናናም ያገኛል።