6.3 ሚሊዮን «ቤቴ ሲሸጥ» ወይስ 5.7 ሚሊዮን በእጅ?

ጅማ ውስጥ ቤቱን ለገበያ ያወጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «አንዱ ጥሩ ዋጋ ሰጠኝ፣ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ሌላው ዝቅ አድርጎ ሰጠኝ፣ ብሩ ግን ዝግጁ ነው። የቱን ልያዝ?» ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው ጠየቀኝ።

መልሴን ላስቀድም። ዝግጁውን ብር ያዙ። ለምን እንደምል ደግሞ በብር ቆጥሬ ላሳያችሁ።

በጥር 2016 እዚሁ ጅማ ሂርማታ ሰፈር ያለውን የእናታችንን ቤት ልንሸጥ ወጣን። ሁለት ገዢ መጣ። አንዱ 5.7 ሚሊዮን፣ ውል በተፈራረምን በሳምንቱ ሙሉውን በባንክ። ሁለተኛው 6.3 ሚሊዮን፣ 200,000 ቀብድ፣ ቀሪው አዲስ አበባ ያለው ቤቱ ሲሸጥ። «ሦስት ወር ቢበዛ» አለን። የ600,000 ብር ልዩነት ዓይናችንን ጋረደው። ሁለተኛውን ያዝን።

ውሉን ደላላው ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ነው የጻፈው። «ቀሪው ክፍያ የገዢ ቤት እንደተሸጠ ይከፈላል» ይላል። ቀን የለውም። ሦስት ወር የምትለዋ በቃል ቀረች። ቤቱም ባዶ ሆኖ ይቆየኝ ስላለ ሰርቪሶቹን የተከራዩትን ሰዎች አስወጣን።

ሦስቱ ወር ስምንት ሆነ። በመሃል ሌላ ገዢ ቢመጣም መሸጥ ፈራን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ከወጣ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። እኛ ብናፈርስ 400,000 ልንከፍል ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የምንጠብቀው ብር አቅሙ ወረደ። እኔ ደግሞ ከሽያጩ በሚደርሰኝ ብር ጅሬን በኩል ቤት ልገዛ 150,000 ቀብድ አስይዤ ነበር። ቀሪውን በጊዜው መክፈል አቃተኝና ቀብዱ ቀለጠ። ክረምቱ ደግሞ የጅማ ክረምት ነው። መስከረም ላይ ቤቱን ስንከፍተው የሳሎኑ ኮርኒስ ውሃ ጠጥቶ እንደ እርጉዝ ሆድ ተንጠልጥሏል። ሰው ቢኖርበት ኖሮ መጀመሪያ ጠብ ሲል ይታይ ነበር።

በመጨረሻ ሰውየው «ቤቴ አልተሸጠም፣ ቀብዴን መልሱልኝ» ብሎ መጣ። ሽማግሌ ገባ። ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ግማሹ ይመለስ አሉ፤ እማዬም እሺ አለች። ቤቱ በ5.6 ሚሊዮን ለሌላ ሰው ተሸጠ። «ያ ስምንት ወር የተቀመጠው ቤት» ተብሎ ስለታወቀ ከዚያ በላይ የሚሰጥ ጠፋ።

ሒሳቡ ይኸው። የስምንት ወር ኪራይ በወር 14,000፣ 112,000። ኮርኒስና ቆርቆሮ ማደሻ 45,000። የኔ ቀብድ 150,000። ድምር 307,000 ብር። እጃችን የቀረው 100,000 ከ5.7 የጎደለውን ዋጋ ብቻ ሸፈነ። 600,000 ልናተርፍ ብለን 307,000 ከሰርን።

ሁሉም ቅድመ ሁኔታ ግን እኩል አይደለም። በባንክ ብድር የሚገዛን ሰው «ቤቴ ሲሸጥ» ከሚለው አስበልጬ አየዋለሁ። ባንኩ መሐንዲስ ልኮ ያስገምታል፣ ካርታው እዳና እገዳ እንደሌለበት ያጣራል። ችግሩ የባንኩ ግምት ብዙ ጊዜ ከተስማማችሁበት ዋጋ ያንሳል። ልዩነቱን ገዢው ከኪሱ መሙላት መቻሉን ቀድማችሁ ጠይቁ። «ብድር ጠይቄያለሁ» ማለት ደግሞ ብድር ተፈቀደ ማለት አይደለም። በ2015 መጨረሻ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ሲገድብ ስንቱ ፋይሉ ጠረጴዛ ላይ እንደቀረ አይቻለሁ። የተፈቀደበትን ደብዳቤ ሳታዩ ከገበያ አትውጡ።

«ቡና ሲደርስ» የሚለው የኛ አገር ቅድመ ሁኔታ ነው። ለቀማው ባብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ኅዳር ላይ ከሆነ አነጋግሩት፣ ሰኔ ላይ ከሆነ ግማሽ ዓመት ልትጠብቁት ነው። ያኔ እሺ የምትሉት ግማሹን አሁን ከከፈለ ብቻ ነው።

ውጭ አገር ላለ ሰው በውክልና የሚገዛ ከመጣ ውክልናው ቤት መግዛትን በግልጽ ይጥቀስ።

«ዝግጁ ብር» የሚባለውንም አጣሩ። አንዱ 300,000 ቀብድ ገብቷል ብሎ የባንክ መልእክት በስልኩ አሳየን። የባንኩ ስም አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ ሰዓቱ አለ። ባንክ ሄደን ስናይ ሂሳባችን ውስጥ የገባ ሳንቲም የለም። ሲፒኦም (ባንክ የሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ) ቢሆን ያወጣው ባንክ ሄዳችሁ አረጋግጡ እንጂ በወረቀቱ ማህተም አትፈርሙ።

ትናንት እትዬ፣ የመርካቶዋ ጎረቤታችን፣ ሁለት ዋጋ ይዘው መጡ። 4.9 ሚሊዮን ከባንክ ደብዳቤ ጋር፣ 5.2 ሚሊዮን «ቤቴ ሲሸጥ»። 4.9ኙን ይያዙ አልኳቸው። «300,000 እኮ ነው ልጄ» አሉኝ። እንግዲያው ባለ 5.2ቱ ይህን ከፈረመ ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው፦ «ገዢ ዛሬ ግማሹን ይከፍላል። ቀሪውን በ30 ቀን ውስጥ ካልከፈለ ውሉ ይፈርሳል፤ ሻጭ 200,000 ብር አስቀርቶ ሌላውን ይመልሳል። እስከዚያ ተከራዮች አይወጡም።» ማታ ደወሉልኝ። ሰውየው አልፈርምም ብሏል። ዛሬ ጠዋት ከባለ 4.9ኙ ጋር ወደ ባንክ ሄደዋል።