የሄልሜት ሽልማት ተለጣፊ፦ ምን ዓይነት ይገዛ፣ ለማንስ ይሰጥ?

በአሜሪካ ፉትቦል ጥሩ ለተጫወተ ሰው ሄልሜቱ ላይ የሚለጠፍ ተለጣፊ መሸለም የተለመደ ነው፤ ይህን ልማድ ዝነኛ ካደረጉት አንዱ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የባክአይ (buckeye) ዛፍ ቅጠል ምስል ያለበትን ተለጣፊ ሄልሜት ላይ መለጠፍ የጀመረው በ1968 እ.ኤ.አ. ነበር። ለሃይስኩል ቡድን የሚሻለው 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ወፈር ያለ የቪኒል (የፕላስቲክ ዓይነት) ተለጣፊ ነው። የወረቀቱ ርካሽ ነው፤ ግን ዝናብ ሲነካው ይላጣል፣ አይግዙት።

ሄልሜቱ በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ ላብ ወይም ሰም ላዩ ላይ ካለ የተለጣፊው ጠርዝ ይነሳል። ተለጣፊውን ከመሃል ወደ ዳር በአውራ ጣት ይጫኑት። ሄልሜቱ ላይ ያለውን የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ በፍጹም አይሸፍኑ። ሙጫውን በቤንዚን ወይም በአሴቶን ማስለቀቅ የሄልሜቱን ፕላስቲክ ይጎዳል።

ለ40 ተጫዋች፣ በአማካይ በሳምንት 2፣ ለ10 ጨዋታ 800 ያስፈልጋል፤ ትንሽ ትርፍ ይጨምሩ።

አብዛኛው ቡድን የሚሳሳተው አሰጣጡ ላይ ነው። ሽልማቱ ለተችዳውን (ኳሱን የተጋጣሚ መጨረሻ ክልል አድርሶ ነጥብ ለማስቆጠር) ብቻ ከሆነ፣ ከፊት ተሰልፈው ተጋጣሚን የሚገፉት፣ ኳስ የማይነኩት የመስመር ተጫዋቾች ሲዝኑን በባዶ ሄልሜት ይጨርሳሉ፤ መንገዱን የከፈቱት ግን እነሱ ናቸው! ጥሩ ብሎክ (ተጋጣሚን ገፍቶ መንገድ መክፈት)፣ ያለ ቅጣት የተጨረሰ ጨዋታ፣ በኪክኦፍ (በመጀመሪያው ምት) ላይ የተደረገ ታክል (ኳስ የያዘውን መጣል) ይቆጠር። መስፈርቱ ከሲዝኑ በፊት ተጽፎ ይለጠፍ፤ የጨዋታው ቪዲዮ ሳይታይ በስሜት የሚታደል ተለጣፊ በሦስተኛው ሳምንት ዋጋ ያጣል።