«ሲዲአዩ ተቃጥሏል» ሲሏችሁ አትቸኩሉ

በዚህ ክረምት ሞተር ሳይክላችሁ አልነሳ ብሎ ጋራዥ ድረስ ገፍታችሁት ከሆነና መካኒኩ ገና ከማየቱ «ሲዲአዩ ተቃጥሏል»፣ ማለትም ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚያዘው ትንሽ ሳጥን ሞቷል ካላችሁ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። ሳይፈተሽ በግምት የሚቀየር ዕቃ በዝቷል፤ የግምቱን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ገማቹ አይደለም።

ባሕር ዳር ውስጥ ጎረቤቴ ላይ የደረሰው እንዲህ ነው። ልጁ ዕቃ በማድረስ የሚተዳደር ነው። 150 ሲሲ ሞተሩን ላቫጆ አስገብቶ አሳጠበ፤ ከዚያ ቁልፉን ሲያዞር መብራቱ ይበራል፣ ሞተሪኖውም (ማስነሻው) ያሽከረክራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ገፍቶ አቅራቢያው ወዳለ ጋራዥ ወሰደው። መካኒኩ ብልጭታውን ሞተሩ ውስጥ የሚያወጣውን ካንዴላ እንኳን ሳይፈታ መቀመጫውን አነሳና ጥቁሯን ሳጥን ነካ ነካ አድርጎ «ውሃ ገብቶበት ተቃጥሏል» ብሎ ፈረደ። ለዕቃው 3,200 ብር፣ ለእጅ ዋጋ 600 ብር። ዕቃው ከሌላ ሱቅ እስኪመጣ ሞተሩ ፀሐይ ላይ ቆሞ ዋለ። ከዚያ ተቀየረ፣ ተነሳ፤ ልጁም አመስግኖ ከፍሎ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ እንደገና ታጠበ፤ እንደገና እምቢ አለ፤ ያውም አዲሱን ሲዲአይ እንደያዘ። የካንዴላውን ቆብ ነቅዬ ወደ ውስጥ ሳየው ጎማው ውስጥ ውሃ አቁሯል። በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ፣ እፍ እፍ ብዬበት መልሼ ስሰካው ወዲያው ተነሳ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ በግፊት የሚረጭ ውሃ ቆቡ ውስጥ ሲገባ እሳቱ በካንዴላው ጫፍ መዝለሉን ትቶ በእርጥበቱ በኩል ወደ ሞተሩ ብረት ይሸሻል። ፀሐይ ላይ ከቆመ ደግሞ ይደርቃል። ያን ቀን ሞተሩን የፈወሰው ፀሐዩ ይመስለኛል፤ ምስጋናውንና ገንዘቡን ግን ጋራዡ ወሰደ። ጎረቤቴ አሮጌውን ሲዲአይ ሊጠይቅ ተመልሶ ሄደ፤ «ተጥሏል» አሉት። መካኒኩ ሌባ ይሁን ችኩል ፈርጄ መናገር አልችልም፤ ለከፋዩ ግን ልዩነት የለውም።

ለምን ሁልጊዜ ሲዲአይ ይወነጀላል? ምክንያቱም ተከራካሪ የለውም። ውስጡ በሙጫ መሰል ነገር ስለተሞላ ተከፍቶ አይታይም፤ ደኅናውም የተበላሸውም ከውጭ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ በዓይን አይቶ ወይም አሽትቶ «ሞቷል» የሚል ሰው እየገመተ ነው። መሞቱን የሚያሳየው አንድ ቀላል መንገድ አለ፦ ተመሳሳይ ሞዴል ካለው፣ በትክክል ከሚሠራ ሞተር ላይ ሲዲአይ ተውሶ መግጠም። በተዋሰው ከተነሳ፣ የእናንተው ሲመለስ ደግሞ ከጠፋ፣ ያን ጊዜ ግዙ። ይህን ለማድረግ «ጊዜ የለኝም» የሚል ጋራዥ 3,200 ብር ለመቀበል ጊዜ ካለው፣ ሌላ ጋራዥ ፈልጉ።

እዚያ ከመድረሳችሁ በፊት ግን ቤታችሁ ደጃፍ ላይ የምታዩት ነገር አለ። የምለው ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ላላቸው ሞተሮች ነው። በመጀመሪያ መሪው ላይ ያለችው ቀይ ማጥፊያ በስህተት ተጭና እንደሆነ ተመልከቱ፤ አትሳቁ፤ ሕፃናት የሚነካኩት እሷን ነው። ሞተሪኖውን ስትጫኑ «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለና መብራቱ ከደበዘዘ ጉዳዩ የባትሪ ነው፤ ሞተሪኖ ግዙ የሚላችሁን አትስሙ። ሞልቶ ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ በቴስተር ሲለካ 12.6 አካባቢ ያሳያል፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል ማለት ነው።

ሞተሪኖው እያሽከረከረ ካልነሳ ካንዴላውን ፍቱ። ርጥብ ሆኖ ቤንዚን ከሸተተ ነዳጅ ደርሷል፣ የጎደለው እሳት ነው። ደረቅ ከሆነ ነዳጁ መንገድ ላይ ቀርቷል። እሳቱን ለማየት ካንዴላውን ቆቡ ላይ መልሳችሁ ጥርሱን የሞተሩ ብረት ላይ አስነኩና ሞተሪኖውን ተጭናችሁ አስመቱ። ከተፈታበት ቀዳዳ አርቁት፣ የፈሰሰ ቤንዚን አጠገብ አታድርጉት፣ በባዶ እጅም አትያዙት። ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ካያችሁ የሲዲአዩ ክስ እዚያው ተዘጋ። ቀይ፣ ደካማ ወይም ጭራሹን የሌለ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ አዲስ ካንዴላ ሞክሩ። ከሁሉም ርካሽ እሱ ነው። ቀጥሎ ቆቡ፣ የኮይሉ (የኤሌክትሪኩን ኃይል ለብልጭታ የሚያሳድገው ክፍል) ሽቦ፣ የማጥፊያው ገመድ፣ የቁልፉ ሶኬት ይታያሉ። ሲዲአይ ከወረፋው መጨረሻ ላይ ነው፤ ጋራዡ ግን ከመጨረሻው ይጀምራል።

የነዳጁ ነገር ዛሬ ዛሬ ራሱን የቻለ መዘዝ ሆኗል። ማደያ ላይ ወረፋ ሲበዛ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የተሞላ ቤንዚን የማይገዛ የለም፤ በውስጡ ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ መኖሩን የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ካርቡራተሩ ሥር ማፍሰሻ ብሎን አለ። እሱን ላላ አድርጋችሁ ጥቂት ወደ ንጹሕ ብርጭቆ አፍስሱና አስቀምጡት። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ላይ እንደ ዶቃ ክብ ክብ ሠርቶ ይታያል። ያን ካያችሁ መድኃኒቱ ታንከሩንና ካርቡራተሩን አፍስሶ ማጽዳት ነው። ይህንኑ ብርጭቆ ሳያይ «ካርቡራተሩ አልቆለታል፣ ሙሉውን ቀይር» የሚል ሰው ሌላ ዕቃ ሊሸጥላችሁ ነው። ነጭ ጋዝ ግን ከቤንዚን ጋር ስለሚዋሃድ በብርጭቆ አይለይም፤ እሱን የሚያሳብቁት ሽታውና ጭሱ ናቸው።

ከሁሉ የምፈራው «ሞተሩ መውረድ አለበት» የሚለውን ነው፤ ከወረደ በኋላ ማን ምን እንደቀየረ አታውቁም። ከመስማማታችሁ በፊት የሞተሩ ግፊት ይለካ። መለኪያ ከሌለ ካንዴላው ተፈትቶ ቀዳዳው ላይ አውራ ጣት ይደረግና ይመታ፤ ጣቱን ገፍትሮ የሚወረውር ግፊት ካለ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል የሚለው ወሬ ቢያንስ ይጠረጠራል። ግፊቱ ደካማ ቢሆን እንኳ የቫልቭ ክፍተት ጠቦ ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ማስተካከል ደግሞ ሞተር ከማውረድ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም።

መቀየሩ የግድ ከሆነም ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ፤ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና የሶኬቱን ቅርጽና የተጻፈበትን ቁጥር አስተያዩ። «ኦሪጅናል ነው» የሚል ቃልና የሚያምር ካርቶን ምንም አያረጋግጡም። የተፈታውንም ዕቃ ይዛችሁ ውጡ። ደኅና ሲዲአይ «ተቃጥሏል» ተብሎ ወርዶ ነገ ለሌላ ሰው ሞተር «አዲስ» ሆኖ እንደማይገባ በምን ታውቃላችሁ?

ደረሰኝ ደግሞ አትተዉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተገዛ ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት ሸማቹ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ያለ ደረሰኝ ግን ክርክሩ የአንተ ቃል፣ የእሱ ቃል ሆኖ ይቀራል። በደረሰኙ ላይ «ጥገና» ተብሎ በደፈናው አይጻፍ፤ የዕቃው ስም፣ ዋጋውና የእጅ ዋጋው ለየብቻ ይስፈር። «ደረሰኝ ከፈለግህ ዋጋው ይጨምራል» ካሏችሁ ሞተሩን ሳታስፈቱ ገፍታችሁ ውጡ።