«የተፈጥሮ ነሐስ» ተብሎ የሚሸጠውን ቁራጭ አትግዙ

ማዕድን ለምትሰበስቡ ወገኖቼ፣ በተለይም እንግሊዝ አገር የማዕድን ገበያዎችን ለምትዞሩ፦ «የተፈጥሮ ነሐስ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ነገር ካያችሁ ገንዘባችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ። ነሐስ ሰው መዳብንና ቲንን አቅልጦ በማዋሐድ የሚሠራው ነው። ቲን ስል አንዳንዶቻችን ቆርቆሮ የምንለውን ንጥረ ነገር ማለቴ ነው፤ የቤታችን ጣሪያ ግን በዚንክ የተለበጠ ብረት ነውና እንዳይምታታ። እኔ 140 ፓውንድ ከፍዬበታለሁ።

የገዛሁት ከዶሮ እንቁላል ትንሽ የሚበልጥ፣ ላዩ አረንጓዴ ዝገት የለበሰ፣ 612 ግራም የሚመዝን ቁራጭ ነው። ሻጩ «ኮርንዎል (በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ) ውስጥ መዳብና ቲን መሬት ሆድ ውስጥ ራሳቸው ተዋሕደው የተገኘ ነው» አለኝ። መጠራጠሬን ሲያይ የላቦራቶሪ ወረቀት አወጣ፦ መዳብ 88 በመቶ፣ ቲን 11 በመቶ። የረታኝ ያ ወረቀት ነው።

ወረቀቱ ሐሰተኛ አልነበረም፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። የሚመልሰው «ይህ ነገር ነሐስ ነው ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ነው። መጠየቅ የነበረብኝ ግን «ማን ሠራው፣ ተፈጥሮ ወይስ ሰው?» ብዬ ነበር። የተሰበረ የነሐስ ሐውልት ጣት ለዚያው ላቦራቶሪ ብትሰጡት ተመሳሳይ ቁጥር ሊያወጣላችሁ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲያሳዩአችሁ እንደ ማረጋገጫ አትቀበሉት።

ቲን ስል አንዳንዶቻችን ቆርቆሮ የምንለውን ንጥረ ነገር ማለቴ ነው፤ የቤታችን ጣሪያ ግን በዚንክ የተለበጠ ብረት ነውና እንዳይምታታ። ቲን መሬት ውስጥ ብቻውን መገኘቱ ራሱ ብርቅ ነው። ኦክስጅንን አጥብቆ ይይዝና ካሲተራይት የተባለ ጥቁር ወይም ቡናማ ድንጋይ ይሆናል። የሰው ልጅ ነሐስን ያገኘው ያንን ድንጋይ በከሰል እሳት አቅልጦ፣ ኦክስጅኑን አስለቅቆ፣ ከመዳብ ጋር በማዋሐድ ነው። መዳብ ግን ንጹሕ ሆኖ ይገኛል፤ በአሜሪካ ሚሺጋን፣ ኪዊናው የተባለው ምድር በዚህ የታወቀ ነው። ሁለቱ በአንድ ማዕድን ውስጥ ሲገናኙ አብዛኛውን ጊዜ ድኝ አብሯቸው ይገባል።

ከእነዚህ ማዕድናት የሚታወቀው ስታናይት ነው፤ መዳብ፣ ብረት፣ ቲንና ድኝ አለበት። በእርግጥም ኮርንዎል ውስጥ፣ ሴንት አግነስ አካባቢ ይገኛል። የድሮ ማዕድን ቆፋሪዎች መልኩን አይተው «የደወል ብረት ማዕድን» ብለው ይጠሩት ነበር። ሻጩ የተንጠላጠለው በዚህ ስም ላይ ነው። ስሙ እውነተኛ ነው፤ ማዕድኑ ግን ደወል የሚሠራበት ነሐስ አይደለም። ስታናይት በመዶሻ ሲመታ ይፈረካከሳል፤ ነሐስ ግን ይሠረጉዳል እንጂ ዱቄት አይሆንም።

ተፈጥሮ መዳብና ቲንን ያለ ድኝ አዋሕዳ አታውቅም ለማለት አይደለም። ሶሮሳይት የሚባል ማዕድን አለ፤ መዳብና ቲን፣ ጥቂትም አንቲሞኒ የተባለ ሌላ ንጥረ ነገር ይዟል። የተገኘው በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ፣ በቹኮትካ ነው። ስሙን ያገኘው የቀድሞዋን ሶቪየት ኅብረት ሳይንቲስቶች በገንዘብ ከደገፈው ከጆርጅ ሶሮስ ነው። ነገር ግን በማይክሮስኮፕ የሚታይ ቅንጣት ነው። በእጅ ጨብጣችሁት የሚከብዳችሁን ቁራጭ «የዚያ ዘመድ ነው» የሚላችሁን አትስሙ።

ቤታችሁ የምትሠሩት ፈተና ይኸውና። ውኃ ያለበትን ብርጭቆ በወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጡና ወደ ዜሮ መልሱት። ቁራጩን በክር አንጠልጥላችሁ የብርጭቆውን ታችም ጎንም ሳይነካ ውኃው ውስጥ አስጥሙት። ሚዛኑ የሚያሳየውን ግራም ያዙና የቁራጩን ክብደት ለእሱ አካፍሉ፤ ውጤቱ ቁራጩ ከእኩል መጠን ውኃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ይነግራችኋል። የእኔ 70 አሳየ፤ 612 ለ 70 ሲካፈል 8.7 ገደማ ነው። ስታናይት ቢሆን ውጤቱ ከ4.3 እስከ 4.5 ይሆን ነበር። ንጹሕ መዳብም 8.9 ገደማ ስለሚደርስ ይህ ፈተና መዳብን ከነሐስ አይለይም፤ እንደ ስታናይት ያለውን ድኝ ያለበት ማዕድን ግን ወዲያው ይለያል።

የብረታ ብረት ባለሙያ የሆነ ወዳጄ ጠርዙን ቆርጦ አለሰለሰልኝ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዘረጋ ቅርጽና ክብ ክብ የአየር ቀዳዳዎች ነበሩበት። ቀልጦ፣ ፈስሶ፣ በፍጥነት የቀዘቀዘ የነሐስ ትራፊ ነው።

ገንዘቤን እንዲመልስልኝ ስጠይቀው ሻጩ «ከተቆረጠ በኋላ አልቀበልም» አለኝ። ስለዚህ ከመቁረጣችሁ በፊት በውኃ ፈትኑ፤ ደረሰኙም ላይ «ተፈጥሯዊ ማዕድን» የሚለውን ቃል ከተቆፈረበት የማዕድን ጉድጓድ ስም ጋር አስጽፉ። ይህን ለመጻፍ የሚያመነታ ሻጭ ካጋጠማችሁ ጥላችሁት ሂዱ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ቁራጩ ከጥንት የነሐስ ዘመን የተረፈ ቢሆንስ? በእንግሊዝ ሕግ ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ የቅድመ ታሪክ የብረታ ብረት ዕቃዎች በአንድ ቦታ ከተገኙ እንደ ውድ ቅርስ ይቆጠራሉ፤ አግኚውም ማሳወቅ ግዴታው ነው። እኔ በሄድኩበት ቀን ጠረጴዛው ላይ ተመሳሳይ ሁለት ቁራጮች ነበሩ። ከየት እንደመጡ ሳትጠይቁ አትንኳቸው።

የእኔን ቁራጭ አልጣልኩትም። ለንደን ያላችሁ፣ ልትገዙ ያሰባችሁት ካለ ጻፉልኝ፤ የተቆረጠውን ፊቱን ይዤ እመጣለሁ፣ አጠገብ ለአጠገብ አድርገን እናየዋለን።