አባይ በረሃን በሞተር ሳይክል ሲወርዱ፦ በፍሬን ብቻ ወይስ በማርሽ?

ከጎሐ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። አወራረዱ ሁለት ዓይነት ነው።

አንዳንዱ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ይለቀዋል። የሚቆጥበው ግን ጠብታ ነው። ሞተሩ ስለማይዝለት ጭነቱ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፍሬን ሳያርፍ ሲያዝ የፍሬን ሸራው ይግላል፣ የመያዝ አቅሙም ይቀንሳል። በዘይት የሚሠራ ከሆነ ዘይቱ ሊፈላ ይችላል፤ ያኔ የፍሬኑ እጀታ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ዳር ይዞ ቆሞ ማቀዝቀዝ ነው። ውሃ እንዳታፈሱበት!

ሌላው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ይቀንሳል፤ ሁለተኛ ወይ ሦስተኛ። የነዳጅ እጀታውን ሲለቅ ሞተሩ ራሱ ይይዝለታል። ፍሬን የሚነካው በዋናነት ኩርባ ሳይደርስ ነው። ሁለቱንም ፍሬን ቀስ በቀስ አጥብቆ ይይዛል፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ይለቃል፤ ፍሬኑም ይበርዳል። ብዙ ሰው የፊት ፍሬን ይፈራል። ቁልቁል ላይ ግን ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ዋናው እሱ ነው። የኋላው ብቻ ሲረገጥ ጎማው ቶሎ ተቆልፎ ይንሸራተታል። ጠጠር ላይ የፊቱን በስሱ።

ይሄኛውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለት ማርሽ ባንዴ ቀንሶ ፍሪሲዮን በድንገት መልቀቅ የኋላውን ጎማ ያስይዘዋል። አንድ በአንድ ይቀነስ።

እኔ ያለ ማመንታት በማርሽ መውረድን እመርጣለሁ። በተለይ ከኋላ ሰው ወይም ዕቃ ከተጫነ ሌላ አማራጭ አይታየኝም።